ኳስ ለሚጫወት ፖሊስ ደመወዝ ይገባልን?

በመንግሥት በጀት የሚተዳደር መሥሪያ ቤት የእግር ኳስ ቡድን ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ፣ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ ከቡና ጋር አብሮ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። አንዱ ወገን፣ «የሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ሥራ ነው እንጂ ለኳስ አይደለም፤ ኳስ የወደደ በገዛ ኪሱ ይጫወት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «መሥሪያ ቤቶቹ ባይኖሩ ኖሮ በዚህ አገር ኳስ የሚባል ነገር ከየት ይገኝ ነበር?» ሲል ይመልሳል። ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በማስረጃ ሳይሆን በጩኸት ነው። እያንዳንዱ ተከራካሪ የሚደግፈው ቡድን አለውና ፍርዱ የሚሰጠው እንደ ማልያው ቀለም ነው።

ስለዚህ እኛ ዛሬ የራሳችንን ቡድኖች ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን ትተን፣ አንባቢ ወገን ሊይዝበት ስለማይችል ስለ አንድ የሩቅ አገር ቡድን መጻፍን መርጠናል። ይኸውም በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በባሕር ዳርቻ የምትገኘው የኬራላ ግዛት ፖሊስ ሠራዊት ያቋቋመው የእግር ኳስ ቡድን ነው። ኬራላ ለእኛ ጨርሳ እንግዳ አይደለችም። አያቶቻችንንና ወላጆቻችንን በየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሯቸው ሕንዳውያን መምህራን መካከል ብዙዎቹ ከዚህችው አገር የመጡ ነበሩ። እነዚያ መምህራን የመጡበት አገር ኳስ ወዳድ መሆኑን ግን የሚያውቅ ብዙ አይመስለንም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

የኬራላ ግዛት የማላያላም ቋንቋ ተናጋሪዎችን አንድ ላይ በማሰባሰብ በኅዳር ወር 1956 ዓ.ም. የተመሠረተች ናት። ሕንድ በጠቅላላው የክሪኬት አገር መሆኗ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምዕራብ ቤንጋል፣ ጎዋና ኬራላ ከቀረው አገር ተለይተው ልባቸውን ለእግር ኳስ የሰጡ ናቸው። በተለይ ማላባር በሚባለው በሰሜኑ የኬራላ ክፍል የሩዝ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ባዶ የቀረው እርሻ የኳስ ሜዳ ይሆናል። በእያንዳንዱ ወገን ሰባት ሰባት ተጫዋች ብቻ ተሰልፎ፣ በሌሊት በመብራት፣ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በእንጨት መደዳ ላይ ተቀምጦ እያየው የሚደረግ ውድድር አለ። ለዚህ ውድድር እስከ ናይጄሪያ፣ እስከ ጋናና እስከ ላይቤሪያ ድረስ ተጫዋች እየተፈለገ በክፍያ ይመጣል። የእኛ አህጉር ልጆች በማላባር የሩዝ እርሻ ላይ ለእንጀራቸው ኳስ ሲያሳድዱ ማየት የሚያስገርም ነገር ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ይህንኑ የሚመለከት ፊልም ወጥቶ በሕንድ ብዙ ተመልካች አግኝቷል።

በማላባር ኳስና ፖሊስ የተገናኙት ገና በእንግሊዞች ጊዜ ነው። እንግሊዞች የማላባር ልዩ ፖሊስ የሚባለውን ጦር በ1884 ዓ.ም. በማላፑራም ከተማ አቋቋሙ፤ በ1921 ዓ.ም. ሕዝቡ በተነሣባቸው ጊዜ ደግሞ እንደገና አደራጁት። ሰፈሩ ሜዳ ነበረው፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ኳስ ይመታ ነበር፤ ያገሩም ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያይ ነበር። ለማስፈራት የተሠራ ሰፈር ሳያስበው ጨዋታ አስተማረ።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የኬራላ ፖሊስ የእግር ኳስ ቡድን በ1984 ዓ.ም. ተቋቋመ። በጊዜው የፖሊስ ሠራዊቱ የበላይ ከነበሩት ሹማምንት አንዱ ኤም. ኬ. ጆሴፍ ኳስ የሚወዱ ሰው ነበሩና፣ ከየመንደሩ ጥሩ የሚጫወት ልጅ ሲገኝ ወደ ፖሊስ እንዲቀጠር ያደርጉ ነበር። በሕንድ አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለስፖርተኞች የሚጠብቁት የሥራ መደብ አለ። የምድር ባቡሩ፣ ባንኩ፣ የመብራት ኃይሉ፣ ጦሩና ፖሊሱ ሁሉም በዚህ መንገድ ተጫዋቾችን ይቀጥራሉ። ልጁ የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ ሰልፍ ይማራል፣ የወር ደመወዝ ያገኛል፣ ስሙ በመዝገብ ገብቶ ጡረታ ይቆጠርለታል። በዋናነት የሚፈለግበት ሥራ ግን ኳስ መጫወት ነው።

ይህ አሠራር በአንድ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ ብንናገር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አይ. ኤም. ቪጃያን በ1969 ዓ.ም. በትሪሹር ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ በአደጋ አጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ለመደጎም በከተማው ስታዲየም ውስጥ ጨዋታ በተደረገ ቁጥር በተመልካቹ መካከል እየዞረ የሶዳ ውሃ ይሸጥ ነበር፤ ትርፉም በአንድ ጠርሙስ 10 ፓይሳ፣ ማለት የአንድ ሩፒ አሥረኛ ነበረ። ይህ ልጅ ጠርሙሱን ካስቀመጠ በኋላ ኳስ ሲመታ ያዩት ሰዎች አወሩለትና ገና በ17 ዓመቱ ከጆሴፍ ዓይን ገብቶ የፖሊስ ቡድን ተጫዋች ሆነ። አሁን አንባቢ ቆም ብሎ ያስብልን። በዚያን ጊዜ በኬራላ ለተጫዋች በውል ገንዘብ የሚከፍል የግል ክለብ አልነበረም። ፖሊስ ባይወስደው ኖሮ ምናልባት በሩዝ እርሻው ላይ ለሁለት ለሦስት ዓመት ተጨብጭቦለት፣ ጉልበቱ ሲጎዳ ወደ ሶዳው ጠርሙስ ይመለስ ነበር።

ከቪጃያን ጋር አብረው የተሰለፉት እነ ቪ. ፒ. ሳትያን፣ ሲ. ቪ. ፓፓቻን፣ ዩ. ሻራፍ አሊ፣ ኩሪኬሽ ማቲውና በረኛው ኬ. ቲ. ቻኮ ነበሩ። በሕንድ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴሬሽን ዋንጫ የሚባል የክለቦች ውድድር ይደረግ ነበር። የካልካታ ታላላቅ ክለቦች፣ ሞሐን ባጋንና ኢስት ቤንጋል፣ እንደ ግል ንብረታቸው ይቆጥሩት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1990 ዓ.ም. የኬራላ ፖሊስ ቡድን የጎዋውን ሳልጋዎካርን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ከኬራላ ክለቦችም ይህን ዋንጫ በመውሰድ የመጀመሪያው ሆነ። የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው በትሪሹር ነው፤ ሶዳ ሻጩ ልጅ በገዛ ከተማው ሕዝብ ፊት ባለ ዋንጫ ሆነ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በካኑር ከተማ ማሂንድራ ኤንድ ማሂንድራን አሸንፎ ዋንጫውን ደገመው። ከዚያም ኬራላ ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ አጥታው የነበረውን የግዛቶች ውድድር፣ የሳንቶሽን ዋንጫ፣ በ1992 ዓ.ም. በሳትያን አምበልነት አገኘች፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ደገመች። የሁለቱም ጊዜ ቡድን የጀርባ አጥንት የፖሊስ ተጫዋቾች ነበሩ። ሳትያን የሕንድ ብሔራዊ ቡድን አምበል እስከ መሆን ደርሷል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የድል ታሪክ ነው፤ የድል ታሪክ ደግሞ ለክርክራችን ብዙም አይረዳም። ዋንጫ የወሰደ ሁሉ ልክ ነው ከተባለ ያልወሰደው ሁሉ መዘጋት ሊኖርበት ነው። እኛ የምንመለከተው ሌላ ነገር ነው። ተጫዋቹ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ እግሩ ሲከብድና የሚያጨበጭብለት ሲጠፋ ምን ሆነ?

ለዚህ ጥያቄ ኬራላ ራስዋ ማነጻጸሪያ ሰጥታናለች። በ1997 ዓ.ም. በኮቺ ከተማ «ኤፍ ሲ ኮቺን» የሚባል የግል ክለብ ተቋቋመ። የግዛቲቱ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ፕሮፌሽናል ክለብ ሲሆን፣ ቪጃያንን ጨምሮ ታዋቂ ተጫዋቾችን በከፍተኛ ገንዘብ ሰበሰበ። በዚያው ባቋቋመው ዓመት ሞሐን ባጋንን አሸንፎ የዱራንድን ዋንጫ ወሰደ። ሕዝቡም፣ «ከእንግዲህ ወዲህ የኮንስታብል ኳስ ቀረ፤ የገንዘብ ኳስ መጣ» ብሎ ሳይደሰት አልቀረም። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ገንዘቡ አጠረ፣ የተጫዋቾች ደመወዝ ሳይከፈል መቅረት ጀመረ፣ ክለቡም ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ደመወዙ የቀረበት ተጫዋች ለማን ይጮኻል? ክለቡ ከሌለ ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ የለም።

በፖሊስ ቤት የቆዩት ግን ሌላ ዕጣ ነው ያገኙት። ሻራፍ አሊ በማዕርግ እያደገ ሄዶ የፖሊስ መኰንን ሆነ፤ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የኬራላ መንግሥት የስፖርት ምክር ቤት ሊቀ መንበርነት ተሰጠው። ፓፓቻንና ቻኮም እንዲሁ በፖሊስ መኰንንነት አገልግለዋል። ቪጃያን ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ ወደሚከፍሉት ክለቦች፣ ወደ ሞሐን ባጋን፣ ከዚያም ወደ ፑንጃቡ ጄ ሲ ቲ እየሄደ ተጫውቷል፤ ሦስት ጊዜ የሕንድ የዓመቱ ተጫዋች ተብሏል፤ ፊልምም ሠርቷል። በመጨረሻ ግን የተመለሰው ወደ ፖሊስ ቤት ነው። በ2025 ዓ.ም. በመኰንንነት ማዕርግ ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጠው። እንግዲህ ጡረታ የሚለውን ቃል ልብ እንበል፤ ለኳስ ተጫዋች ይህ ቃል ተራ ቃል አይደለም። በዓለም ላይ ስንት ታላቅ አጥቂ አለ ጎሉ እንጂ የእርጅና ዘመኑ ያልተቈጠረለት!

ይህን ሁሉ ስንናገር ተቃዋሚዎቻችን ዝም ብለው የሚሰሙን አይደሉም፤ ዝም ማለትም የለባቸውም፤ የሚሉት ነገር ብዙው እውነት ነውና።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከፖሊሱ ውስጥ የሚመጣ ነው። ሌሊቱን በዝናብ ቆሞ ገበያ የሚጠብቅ ኮንስታብል አለ፤ ኳስ የሚለማመድ ኮንስታብል አለ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ደመወዝ ያገኛሉ፤ እንዲያውም ሁለተኛው ጎል ካገባ ማዕርግ ይጨመርለት ይሆናል። የመጀመሪያው ሌባ ቢይዝ ማን ያጨበጭብለታል? ይህ ቅሬታ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ነገሩን በግልጽ ማድረግ ነው። የተጫዋቹ መደብ የተጫዋች መደብ ተብሎ በበጀት ውስጥ በስሙ ይጻፍ፤ ከዘብ ጠባቂው መደብ ተቀንሶ አይምጣ። ስንት ሰው እንደ ተቀጠረ፣ ስንት ብር እንደ ወጣ ይታወቅ። ሰው የሚቆጣው በወጪው ብቻ ሳይሆን በድብቅነቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ በተለይ ተማሪዎች ለሆኑ አንባቢዎቻችን። በሕንድ ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ሳለ፣ በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም. ራጃን የሚባል የካሊከት ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ተማሪ በኬራላ ፖሊስ ተያዘ። ካካያም በሚባል ቦታ በነበረው የምርመራ ካምፕ ውስጥ በድብደባ ሞተ፤ ሬሳውም እስከ ዛሬ አልተገኘም። አባቱ ኢቻራ ቫርየር የሂንዲ ቋንቋ መምህር ነበሩ። ልጃቸው የት እንዳለ እንዲነገራቸው ከባለሥልጣን ወደ ባለሥልጣን ተመላለሱ፤ አዋጁ ሲነሣ ልጄን አቅርቡልኝ ብለው ለግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከቱ። በዚህ ጉዳይ ምክንያት፣ በአዋጁ ጊዜ የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበሩትና በ1977 ዓ.ም. የግዛቲቱ ዋና ሚኒስትር የሆኑት ካሩናካራን ሥልጣን በያዙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለመልቀቅ ተገደዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ተመልሰው ዋና ሚኒስትር ሆኑ፤ የፖሊስ ኳስ ቡድን የተቋቋመውም እርሳቸው ዋና ሚኒስትር ሳሉ ነው።

ቡድኑ የተቋቋመው የራጃንን ደም ለማስረሳት ነው አንልም። የተባለበትን ማስረጃ አላየንም፤ ያላየነውን አንጽፍም። ነገር ግን በ1990 ዓ.ም. በትሪሹር ስታዲየም ተነሥቶ «ፖሊስ! ፖሊስ!» እያለ ከጮኸው ሕዝብ መካከል የዚያን ተማሪ ስም የማያውቅ አልነበረም ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። አንድ ሕዝብ የሚፈራውን ሠራዊት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያጨበጭብለት ይችላል። ይህ ጥሩ ነውን? በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ በደንብ ልብሱ ውስጥ ያለው የጎረቤቱ ልጅ መሆኑን ያያልና። ፖሊሱም የሕዝቡን ጭብጨባ አንድ ጊዜ ከቀመሰ በኋላ ዱላውን ሲያነሣ እጁ ትንሽ ሊከብደው ይችላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በሌላ በኩል ግን የፖሊስ አለቆች በኳስ የተገኘውን ፍቅር እንደ ምሥክር ወረቀት ይዘው፣ «ሕዝቡ ይወደናል፤ ስለ ምን እንጠየቃለን?» ለማለት ከፈለጉ፣ ያን ጊዜ ኳሱ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ መጋረጃ ይሆናል። አሥር ዋንጫ ተደርድሮ አንድ አባት ለጠየቁት ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም። ጎሉ በሜዳው ይቈጠር፤ ክሱም በፍርድ ቤቱ ይታይ።

ሦስተኛው ነገር ከተቃውሞ ይልቅ ሥጋት ነው። እንዲህ ያለ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ ነው። ኳስ የሚወድ አዛዥ ሲሾም ቡድኑ ይለመልማል፤ ኳስ የማይወድ ሲመጣ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። የኬራላ ፖሊስ ቡድን ዛሬም አለ፤ በግዛቲቱ ሊግ ይጫወታል። ነገር ግን የ1990 እና የ1991 ዓ.ም. ዓይነት ዘመን አልተመለሰለትም። ዛሬ የሕዝቡ ዓይን በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው በኬራላ ብላስተርስና የሕንድን ሊግ በተከታታይ በ2021 እና በ2022 ዓ.ም. ባሸነፈው በጎኩላም ኬራላ ላይ ነው፤ ሁለቱም የግል ክለቦች ናቸው። ከመሥሪያ ቤት ቡድኖች ውስጥ ስመ ጥር የነበረው የትራቫንኮር ባንክ ቡድን ባንኩ በ2017 ዓ.ም. ከማዕከላዊው የሕንድ መንግሥት ባንክ ጋር ሲቀላቀል ስሙ አብሮ ጠፋ። እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ኳስ ዘላቂ ነው ብሎ የሚምል ሰው ካለ ይህንንም ይመልከት።

ከሁሉ ይልቅ ወጣት ባለሥልጣኖችን ሊያከራክር የሚገባው ግን የሲ. ኬ. ቪኒት ነገር ነው። ቪኒት የሕንድ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሲሆን በስፖርተኛ መደብ በኬራላ በሚገኘው የማዕከላዊ መንግሥት የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ለክለቡና ለአገሩ ሲጫወት ከቢሮው መቅረቱ አልቀረም፤ በ2017 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ «በሥራ ገበታህ ላይ በበቂ አልተገኘህም» ብሎ አሰናበተው። በጋዜጣው ሁሉ ጩኸት ሆነ። በመጨረሻም የኬራላ መንግሥት በራሱ መሥሪያ ቤት ሥራ እንዲሰጠው ወሰነ።

በዚህ ጉዳይ ማን ነው ጥፋተኛው? አለቃው የፊርማ መዝገቡን ተመልክቶ ደንቡን ፈጸመ፤ ደንብ የማይፈጽም አለቃ ደግሞ አንፈልግም። ተጫዋቹም ሲቀጠር የተነገረው ተጫወት ተብሎ ነው፤ ሜዳ ላይ ያለ ሰው በጠረጴዛው ላይ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ሲቀጠር በተጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ «ሒሳብ መርማሪ» ይላል፤ ልቡና ግን «አጥቂ» ይላል። የመንግሥት ሥራ ወረቀቱና ልቡ ሲለያዩ አንድ ቀን የፊርማ መዝገብ ይዞ የሚመጣ ሰው አይታጣም። እኛ ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ወደ ቢሮ የገባን ሰዎች ይህን በኳስ ብቻ ሳይሆን በብዙ ሌላ ነገር እያየነው ነው፤ ያ ግን ለሌላ እሑድ ይቆየን።

ደመወዝና ጡረታ ሁሉን ነገር ይፈውሳል ብለን ደግሞ አንባቢን አናታልልም። ያ ታላቅ አምበል ሳትያን ከፖሊስ ወጥቶ፣ በሌላ ክለብም ተጫውቶ፣ በኋላ በቼናይ ከተማ በሕንድ ባንክ ቡድን በተጫዋችነትና በአሠልጣኝነት ይሠራ ነበር። ሥራ አልጐደለበትም። በ2006 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በዚያችው ከተማ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ከዓመታት በኋላ በ2018 ዓ.ም. ስለ ሕይወቱ «ካፕቴን» የሚል ፊልም ሲሠራ አዳራሹ ሞላ። በሕይወት ሳለ ቤቱን የሚያንኳኳ ሰው ምን ያህል ነበር የሚለውን ጥያቄ ግን ፊልሙ ሊመልሰው አይችልም። የገቢ ምንጭ ከሰው ሐዘን ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል። መሥሪያ ቤት ለአንድ ወጣት ሃያ ዓመት ያህል ስሙን በሕዝብ አፍ ውስጥ አስቀምጦ ሲያበቃ፣ ጭብጨባው ሲቆም የሚሰማውን ጸጥታ እንዴት እንደሚችለው አብሮ ማሰብ ይኖርበታል። ሐኪምም ቢሆን፣ ትምህርትም ቢሆን፣ ሕፃናትን ማሠልጠንም ቢሆን አንድ የሚይዘው ነገር ሊያዘጋጅለት ይገባል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ መጀመሪያውንም ወደ ሩቅ የሄድነው ለዚሁ ነው። በእኛም አገር ስፖርትና የደንብ ልብስ አብረው ያደጉ ናቸው። በ1960 ዓ.ም. በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። የፖሊስ ስፖርት ክለባችን ኦሜድላ ስሙን ያገኘው ንጉሠ ነገሥቱ በ1941 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ካቆሙበት ቦታ ነው። የመከላከያው ቡድን መቻል አለ፤ መብራት ኃይል አለ፤ በ2024 ዓ.ም. የፕሬሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። በየክልሉም የፖሊስ ሠራዊት ስም የያዙ ቡድኖች ታይተዋል። ስለዚህ «መሥሪያ ቤት ከኳስ ይውጣ» የሚለው ሰው በወረቀት ላይ አንድ መስመር እየሰረዘ መስሎት የሚሰርዘው የብዙ መቶ ወጣት እንጀራ መሆኑን ይወቅ። ይውጣ ከተባለም በፊት በምን ይተካል የሚለው ይመለስ። ኤፍ ሲ ኮቺንን ያየ ሰው ነጋዴ መጥቶ ያነሣዋል በሚል ተስፋ ብቻ የቆመውን ለማፍረስ አይቸኩልም።

የመሥሪያ ቤት ቡድን ደጋፊ የሆነውም ወንድማችን ቢሆን ደስ ብሎት እንዲተኛ አንፈልግም። እኛ ቡድኑ ይኑር የምንለው ዋንጫ ስለሚያመጣ አይደለም፤ የአንድን አዛዥ ስም ስለሚያስጠራም አይደለም። ሶዳ የሚሸጥ ልጅ በችሎታው ብቻ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ የሚገባበት በር ስለሆነ ነው። በሩ በር እንዲሆን ደግሞ ሲገባ የሚፈርመው ወረቀት እውነተኛ መሆን አለበት። ስንት ዓመት ሊጫወት ነው የተቀጠረው? በልምምድ ያሳለፈው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራልን? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? መጫወት ሲያቆም ዘብ ይቆማል፣ ቢሮ ይገባል ወይስ ይሰናበታል? በሚጫወትበት ጊዜስ የማታ ትምህርት እንዲማር ፈቃድ ይሰጠዋልን? አዲስ አዛዥ ቢሾም ይህ ሁሉ ይጸናልን? የ19 ዓመት ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ አይደፍርም፤ ማልያውን ካዩለት በቂው ነው። የሚጠይቅለት የሠራተኛ አስተዳደሩ ወጣት ሹም ነው፤ ይህን ገጽ ከሚያነቡት ውስጥም በዚያ ጠረጴዛ የተቀመጡ እንዳሉ እናውቃለን።

ቡድን ያላቸው የክልል ፖሊስ መሥሪያ ቤቶችም ሆኑ ሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለተጫዋቾቻቸው የሚያስፈርሙትን የቅጥር ውል ለዚህ ገጽ ቢልኩልን፣ የተጫዋቾቹን ስም ሳንጠቅስ ከአንቀጽ እስከ አንቀጽ አውጥተን አንባቢ እንዲፈርድበት እናደርጋለን።